ብር እጇ ላይ አያድርም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወሰን ጋራዦች ድምፅ ይለወጣል። መዶሻው ይቀንሳል፤ ሳቁ ይበዛል። የሳምንት ክፍያውን የተቀበለ ሁሉ እጁን በነዳጅ አሽቶ ይታጠብና ኪሱን እየዳበሰ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ፀደንያ ተክለብርሃን ግን ኪስ የሚባል ነገር አታውቅም። የመኪና ወንበር ልብስ ከምትሰፋበት የቆርቆሮ ዳስ ብቅ ስትል ብሯ በጭብጧ ውስጥ ነው፤ ገና አሁን እንደተያዘች ወፍ ትር ትር ይልባታል።

«ፀዲ፣ ዛሬ ተረኛው ማነው?» ይላል ከጎሚስታው ደጃፍ አንዱ።

«የተጠማ ሁሉ!»

ጁስ ቤቱ ይሞላል። አቮካዶው ከላይ፣ ማንጎው ከታች የተደረደረበት ብርጭቆ ለጎሚስታው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ስሙን እንኳ ለማታውቀው የከባድ መኪና ሾፌር ይቀርባል። ታክሲ ውስጥ ከገባች አጠገቧ የተቀመጡትን እናት ሂሳብ ትከፍላለች። ከመገናኛ ስትመለስ በአንድ እጇ አዲስ ጫማ፣ በሌላው ለአባቷ የገዛችው ሙዝ ይንጠለጠላል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ «የታክሲ አበድሪኝ» ትላለች። የምታበድራት ኢልሃም ናት።

ኢልሃም እዚያው ዳስ ውስጥ ከጎኗ የምትሰፋ የስልጤ ልጅ ናት፤ ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ከምላሷ የፈጠነ።

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ብር ጠላትሽ ነው እንዴ?»

«ጠላቴ አይደለም። ሲቆይ ግን ያስፈራኛል።»

«ብር ቆይቶ ማንን ነክሶ ያውቃል?»

ፀደንያ ታንጎራጉራለች። እንጉርጉሮዋ የራሷ ነው። ክር በመርፌ ስታስገባ ይመጣላታል፣ ስፌቱ ሲያልቅ ይጠፋባታል፦

ብር መጣ፣ ብር ሄደ፣ እንደ የካ ጉም፤
ይዤው ልቆይ ብዬ እጄን አላምነውም።

ይህ ጠባይ አብሯት አልተወለደም። የብር ኖቱ በተቀየረበት ዓመት ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ ቀድማ ስላረፈች ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ሆኗል፤ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ንፋስ በተነሣ ቁጥር ባሕር ዛፉ ጣራውን በቅርንጫፉ የሚመታው አሮጌ የጭቃ ቤት። አባቷ አቶ ተክለብርሃን ከመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ፣ ሳሎን ሆነው ሲያወሩ ጓዳ የማይሰሙ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ተያዘ፤ አንደበታቸው ታሰረ።

አልጋ ላይ ሆነው በግራ እጃቸው ከግድግዳው ሥር ወዳለችው የእንጨት ሣጥን ያመለክታሉ። ያመለክታሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። ፀደንያ ሣጥኗን ትከፍታለች፤ ከላይ የታጠፈውን ጋቢ ታወጣና ታለብሳቸዋለች። ጠዋት አጥፋ ትመልሰዋለች። በማግስቱም ያመለክታሉ፣ በማግስቱም ታለብሳቸዋለች። «በርዶሃል አባዬ፣ አውቃለሁ» እያለች።

ብር የመለወጫው ጊዜ በዚያ አልጋ ዙሪያ አለቀ። አቶ ተክለብርሃን በየካቲት አንደበታቸው ሲፈታ የመጀመሪያ ቃላቸው «ከጋቢው ሥር» የሚል ነበር። ከጋቢው ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ለእሷ ትምህርት ብለው ዓመታት ያጠራቀሙት የድሮ መቶ ብር ተደርድሮ ተኝቷል። ንጹሕ፣ ያልታጠፈ፣ የሞተ።

አባቷ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያደረ ብር ሁሉ ጠዋት ወረቀት ሆኖ የሚጠብቃት ይመስላታል። ጁስ ግን ጁስ ነው፤ ጠጥተውታል፣ አልቋል፣ ማንም አይቀይረውም። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀው እጇ የተቀደደ መሆኑን ብቻ ነው።

እቁብ ያስገባቻት ኢልሃም ናት፣ በግድ። የጋራዥ ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ ከእንጦጦ ወርዶ ወተትና ድንች የሚሸጠው ሳይቀር የተሰባሰበበት የእሑድ እቁብ ነው፤ በሳምንት አንድ ሺህ ብር፣ ከስልሳ ሰው በላይ። ዳኛው ጋሽ አዱኛ ናቸው፤ እጣው የሚወጣውም በእሳቸው ግሮሰሪ ጓሮ ነው። ቅዳሜ ክፍያ ሲታደል ኢልሃም ከፀደንያ ፊት ትቆምና መዳፏን ትዘረጋለች።

«አምጪ። ጁስ ሳይሆን።»

ሺህ ብሯን ነጥቃ እሑድ የምታስገባላት እሷ ነበረች። እንዲህ እየተነጠቀች ፀደንያ ዓመቱን ገፋች። ኢልሃም የራሷ እቁብ ቀድሞ ወጥቶላት ለሠርጓ ዕቃ ገዝታበታለች፤ አግብታ ወደ ወራቤ ልትሄድ ቀርባለች።

በዚህ መሃል የስፌት መኪናው ነገር መጣ። ካራ ላይ ሶፋ የሚሠሩ አቶ ጎበና የሚባሉ ሰው ሥራቸውን ዘግተው ወደ አርሲ ሊመለሱ ነበርና ወፍራም ቆዳ የሚበሳውን ባለሞተር የስፌት መኪናቸውን በስልሳ ሺህ ብር እንሸጣለን አሉ። ፀደንያ ሄዳ አየችው። እግሯን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፍ ከሆዱ ጎርነን ያለ ድምፅ አወጣ፤ ድምፁ በእግሯ ገብቶ ደረቷ ድረስ ወጣ። እስከ ዛሬ የሰፋችው በሰው መኪና፣ በሰው ዳስ፣ ሰው በቆረጠው ዋጋ ነው። በእጇ ያለውን ሁሉ ቶሎ ካላጠፋሁ የምትለዋ ልጅ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈልገው ነገር ከብሯ በልጦ ቆመባት። ስትወጣ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው።

«እስከ ሐሙስ እጠብቅሻለሁ» አሏት አቶ ጎበና። «ሐሙስ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ ጓዜን ጭኜ መሄዴ ነው።»

በዚያው እሑድ እጣዋ ወጣ።

ኢልሃም እልልታዋን አቀለጠችው። ፀደንያ ብድግ ብላ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ቆመች። ጋሽ አዱኛ ስሟ ያለበትን፣ ከእጣው ሳህን ያወጡትን ጥቅል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ዋስሽን ጥሪ» አሉ።

የእቁቡ ሕግ ነው። እጣ የወጣለት ሰው የቀሩትን ሳምንታት ሳያቋርጥ እንደሚከፍል የሚቆምለት ዋስ ያመጣል። ዋሱ ደግሞ እቁቡ ገና ያልወጣለት መሆን አለበት፤ ባለእጣው ቢጠፋ ከዋሱ ድርሻ ይቆረጣልና። ለብዙው ሰው ወጥቶለታል፤ የቀሩት አሥር ቢሆኑ ነው። ፀደንያ ወደ እነሱ ዞረች። አንዱ ስልኩን አወጣ። ሌላው የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጁሷን የጠጣ ሁሉ ጣራ ጣራ ያይ ነበር።

«ኢልሃም አለችልኝ» አለች፣ ድምጿ አንሶ።

«ኢልሃምማ ወጥቶላታል። ደግሞም» አሉ ጋሽ አዱኛ፣ ሊያስከፏት ሳይሆን ሥራቸው ሆኖ፣ «እስከ ዛሬ የከፈለችው እሷ ናት፣ አንቺ አይደለሽም። እሷ በሚመጣው ሳምንት ሙሽራ ናት። ከዚያስ ማን ይነጥቅሽ?»

ጓሮው በሳቅ ሞላ። ፀደንያም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ጋለ።

«እስከ ረቡዕ ማታ ጊዜ አለሽ። ዋስ ካልመጣ እጣው ወደ ሳህኑ ይመለሳል።»

ሰኞ ጠዋት ገና ዳሱ ሳይከፈት ወንደሰንን ፍለጋ ሄደች። ወንደሰን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ እኩያዋ ነው፤ ጭንቅላቱን ሞተር ውስጥ ቀብሮ አገኘችው።

«ወንዴ፣ ዋስ ሁነኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ በጠዋቱ ሙድ አትያዢብኝ።»

«የምሬን ነው።»

ቀና አለ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል። «ፀዲዬ፣ ላንቺ ኩላሊቴን እሰጣለሁ። እሱ ሁለት ነው። እቁቤ ግን አንድ ነው።»

«ልደትህን ያከበርኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ያንን የሚያክል ኬክ ተሸክሜ የመጣሁልህ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! የሰው ልደት በሦስት ሺህ ብር ኬክ ለምታከብር ሴት ምኑን ዋስ ልሁን?»

አጠገቡ የነበሩት ሜካኒኮች ተንከተከቱ። ፀደንያ መፍቻውን ከእጁ ቀምታ መሬት ወረወረችና ሄደች። ጥቂት ሄዳ ተመለሰች፣ አንሥታ ሰጠችው፣ ደግማ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ሮጠች። አንዱ ለወንድሙ ዋስ ሆኗል፤ አንዱ ክፍለ ሀገር ነው፤ አንዷ ባሌን ላማክር ብላ በሯን ዘጋች። ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ እንጦጦ። ዳገቱ ላይ ባሕር ዛፉ ዘንበል ቀና ይላል፤ እሷ ከዛፉ ብሳ ትተነፍሳለች፣ ዜማም ይመጣባታል፦

ወዳጄ ብዙ ነው፣ መንደሩን የሞላ፤
አንድ ሰው አጣሁኝ የሚቆም ከኋላ።

እትዬ ዘቢደር ከድንች ማሳቸው ጥግ ላማቸውን ሲያጠጡ አገኘቻቸው። ወተት እያወረዱ ለየካ ቤቶች ሲሸጡ የኖሩ፣ የፀደንያን ቤት እናቷ በሕይወት ሳለች ጀምሮ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«የተክለብርሃን ልጅ! ወተት ነው?»

«አይ እትዬ፣ ዋስ ነው።»

እትዬ ዘቢደር ባልዲውን አስቀመጡ። ቀልደው አልሸሹም፣ ስልክም አላወጡም። የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ይዘው አሳዩዋት።

«ይሄን ማን ገዛልኝ?»

«እኔ።»

«ለፋሲካ። እግዜር ይስጥሽ። በለበስኩት ቁጥር ግን ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ይቺን ልጅ ምን ነካት እላለሁ። እኔ ነጠላ አልቸገረኝም፤ አንቺ ነሽ መስጠት የቸገረሽ።»

ላሟ ቀና ብላ ፀደንያን አየቻት፣ ተመልሳ ጠጣች።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። እጅሽ ከገባው ብር ውስጥ ሳምንት የቆየ አለ?»

«የለም።»

«አየሽ፣ የኔ እቁብ ላም ነው። ሁለተኛ ላም። አሁን ላንቺ ብቆም አንድ እግሯን እንደሰጠሁሽ ነው፤ ብታቋርጪ በሦስት እግሯ ልትቆም ነው። እወድሻለሁ ልጄ፣ አላምንሽም እንጂ።»

ይህች ቃል ከሳቁ ሁሉ በላይ ገባቻት። ያልሳቀባት ሰው የተናገራት ነበረችና። ቁልቁለቱን ስትወርድ ንፋሱ ከጀርባዋ እየገፋ አላስቆም አላት። የታችኛው ከተማ በብርሃን ተዘርግቷል፤ መገናኛ፣ ወሰን፣ ከማዶ የካራ መንገድ፤ እዚያ የሆነ ክፍል ውስጥ ያ የስፌት መኪና ይጠብቃታል። ልቧ ቀድሟት ይወርዳል፦

ነፋሱ ከእንጦጦ ወረደ ቸኩሎ፤
ልቤንም ወሰደው ከቅጠል ቀላቅሎ።

ረቡዕ ወደ ቤት ስትገባ አቶ ተክለብርሃን በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ነው፤ ንግግራቸው ቀስ ይበል እንጂ ተመልሷል።

«ዋስ አጣሽ አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ያልነገረኝ ማን ነው።»

ቦርሳዋን ወረወረችው። የሁለት ቀን ሩጫ፣ የሁለት ቀን ሳቅ፣ ከዚያም በፊት የታመቀው ዓመት በሙሉ ገነፈለባት። «አባዬ፣ ለምን ጤነኛ ሳለህ አልነገርከኝም? ስለዚያ ብር። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ አጠገብህ እየተኛሁ!»

«ብነግርሽ ታጠፊዋለሽ ብዬ።»

«ያኔ እኮ አጥፊ አልነበርኩም! እስክሪብቶ ለመግዛት እንኳ አፍር ነበር!»

«አውቃለሁ። አጥፊ አልነበርሽም። ፈሪው እኔ ነበርኩ። ለእናትሽም አልነገርኩም፣ ነፍሷን ይማርና። ብቻዬን ጠበቅሁት፣ ብቻዬን ወደቅሁ።»

«እኔ ግን ጋቢ እያለበስኩህ…» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ወጣ። «አንተ ብሩን እያሳየኸኝ፣ እኔ በየቀኑ ጋቢ።»

«እሱስ» አሉ አቶ ተክለብርሃን፣ ከንፈራቸው በአንድ ወገን እየተንቀጠቀጠ፣ «እንዴት ይሞቀኝ እንደነበር ብታውቂ። ብሩስ ይቅር፣ በላብ ልሞት ነበር እኮ።»

ፀደንያ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተበጠሰና ለቅሶ ሆነ። አባቷ በደህና እጃቸው ጭንቅላቷን ያዙ፣ እሷም እንደ ልጅነቷ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ብዙ አልቆየችም፤ መቆየት አትችልበትም። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ወሰን ወረደች።

ጋሽ አዱኛ ሳጥን ቢራ ይቆጥሩ ነበር። «ዋስሽስ?»

«የለኝም። ግን የመጨረሻ ሰው ዋስ ያስፈልገዋል?»

«የመጨረሻ ሰውማ ከፍሎ የጨረሰ ነው። ከሱ በኋላ ዕዳ የለ፣ ምን ዋስ ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያው ሳህኑ ውስጥ አይመልሱኝ። የመጨረሻዋ እኔ ልሁን።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው ሁሉ ቶሎ ይውጣልኝ ብሎ ይሳላል፤ አንቺ ሁለት ወር ከምናምን ልትጠብቂ? ያለ ኢልሃም? ሳታቋርጪ?»

«አዎ አልኩ እኮ ጋሼ! ሐሳቤን ሳልቀይር ይጻፉልኝ በናትዎ።»

ወደ ካራ ደወለች። «ሁለት ወር?» ሳቁ አቶ ጎበና። «ልጄ፣ በሁለት ወር እኔ አርሲ ገብቼ ጎረቤት ተጣልቼ እታረቃለሁ። በይ ዕድልሽን ሌላ ቦታ ያድርገው።» ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ከዳሷ ደጃፍ ቆማ ሳለ፣ አንድ አይሱዙ ከካራ በኩል መጥቶ ወደ መገናኛ አለፈ። ከኋላው በገመድ ታስሮ፣ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ያ የስፌት መኪና ነበር። በዓይኗ እስኪጠፋ ሸኘችው። ከዚያ ገብታ የሰው ወንበር መስፋቷን ቀጠለች፤ ያን ቀን ሦስት መርፌ ሰበረች።

ኢልሃም ሄደች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከፀደንያ ፊት የተዘረጋ መዳፍ አልነበረም። ሺህ ብሩን ይዛ ከዳሱ ወጣች፤ እጇን አሳከካት። «ፀዲ፣ ተጠምተናል!» አሉ ከጎሚስታው ደጃፍ። ቆመች። ሄደች። ተመልሳ ቆመች። ከዚያ በሩጫ ወደ ግሮሰሪው ገባችና ብሩን ጋሽ አዱኛ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፤ እቁቡ ነገ ነው።»

«ይውሰዱልኝ ብቻ። ነገን አላውቅም።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የወንደሰን እጣ ወጣ። «ዋስህን ጥራ!» ተባለ። ጠራ። አንዱ ለሌላ ቆሟል፤ ለእትዬ ዘቢደር ወጥቶላቸዋል፣ ላሟም ተገዝታለች። ጋሽ አዱኛ የቀሩትን ስሞች በጣታቸው እየነኩ ወረዱና «እጣዋ ያልደረሰ፣ ለማንም ያልቆመች አንዲት ሰው ብቻ አለች» አሉ።

ሁሉም ዞሮ ፀደንያን አያት። ወንደሰን ኮፍያውን አወለቀ።

«ፀዲ… ፀዲዬ…»

«ኩላሊትህን አልፈልግም» አለችው፤ ጓሮው በሳቅ ፈረሰ።

እሷ ግን አልሳቀችም። እነዚያ ሁሉ ዓይኖች ያን እሑድ ለምን ጣራ ጣራ ያዩ እንደነበር አሁን ገባት። ወንደሰንን ትወደዋለች፤ ያ ግን ከምንም አይቆጠርም። ቢያቋርጥ የሚቆረጠው ከእሷ ነው።

«ቤቲንግ ትጫወታለህ።»

«ትቻለሁ!»

«መቼ?»

«አሁን።»

«እንግዲህ ስማ» አለች ፀደንያ። «ቅዳሜ ክፍያህን እንደተቀበልክ፣ እጅህን ሳትታጠብ፣ ሺህ ብርህን ለኔ ታመጣለህ። ስልክ አልደውልም፣ አልለምንህም። ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ፣ ሰው ፊት ነው የማዋርድህ።»

«እሺ።»

«በእናትህ ማል።»

ማለ፤ ቆመችለት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የወሰን ሰው ትርኢት አገኘ። ወንደሰን ከአንድ መኪና ሥር ይገባል፤ ፀደንያ በማዶ በኩል ጎንበስ ትላለች። ሽንት ቤት ይገባል፤ በሩ ላይ ትቆማለች። «ኢልሃም ሄዳ ኢልሃም ሆንሽ እንዴ?» ይሏታል። አንድ ቅዳሜ ደንበኛው ሳይከፍለው ቀርቶ ባዶ እጁን መጣ፤ ፊቱን አይታ እንዳልዋሸ አወቀች። ከራሷ ክፍያ የሁለቱንም አስገብታ ያን ሳምንት ከወሰን የካ በእግሯ ተመላለሰች። ስትሄድ ትበሳጫለች፣ ታንጎራጉራለች፣ እንደገና ትበሳጫለች። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከፈላት። እሷ ግን ብሩ እስኪመለስ በየቀኑ ጋራዡን ሳታይ አትውልም ነበር።

ልቧ አርፏል ማለት አይደለም። በየሳምንቱ የስፌት መኪና ወደሚሸጥባቸው ሱቆች እየሄደች ዋጋ ትጠይቃለች፤ በየሳምንቱ ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቃታል። «ባለፈው ሰባ አላሉኝም?» ትላለች። «ባለፈው ባለፈው ነው እህቴ» ይላታል ሻጩ። ያን ጊዜ የድሮው ፍርሃቷ ይነሣል። ብር ሲቆይ ይሞታል ስትል ጨርሳ አልተሳሳተችም ነበር፤ የተቀመጠው ብር ዝም ብሎ ባለበት ያንሳል። ግሮሰሪው ድረስ ሄዳ «ጋሼ፣ እስከዚያ የኔ ብር ምኑን ይገዛል?» ብላ ጮኸችባቸው። ጋሽ አዱኛ «ዳኛ ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም» አሏት።

በመጨረሻው እሑድ ሳህን አልቀረበም፤ እጣ የሚወጣለት የለምና። ብሩን በሁለት እስር ሰጧት። ሕዝቡ አጨበጨበ። እትዬ ዘቢደር፣ እጣቸው ቀድሞ የወጣ ቢሆንም መጥተው ነበርና፣ በጆሮዋ «ያንን ልጅ ስታሯሩጪው አይቻለሁ» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሰኞ ጠዋት ወንደሰንን አስከትላ ሱቁ ደረሰች። ሞተሩን ፈትሾ እንዲያይላት ነው። ሙሉው ዕቃ ሰማንያ ሁለት ሺህ ገብቷል። የእሷ ስልሳ ሦስት ነው። ፀደንያ ከስፌት መኪናው ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ በሩ ታያለች።

«ራሱን ብቻ ከወሰድሽ በስልሳ እተውልሻለሁ» አለ ሻጩ። «ጠረጴዛና ሞተሩ ለብቻ ነው።»

ወንደሰን ወደ ጎን ጎተታት። «ሞተር የሌለው ምን ያደርግልሻል? ታገሺ፣ ትንሽ አጠራቅሚ።»

«ሳጠራቅም መቶ ይገባል።»

«እንዲህ ነው የምታባክኚው!»

ቆመች። ውጭ መንገዱ ላይ ጫማ ሻጩ ይጣራል። ስልሳ ሦስት ሺህ ብር ከደረቷ ሥር ይሞቃታል፤ ልትበትነው ትችላለች፣ ልትደብቀው ትችላለች፤ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ጎንበስ ብላ የስፌት መኪናውን መርፌ በጣቷ ነካችው፣ ከዚያም በጎኑ ያለውን መዘውር በእጇ አዞረችው። ከበደ፣ ግን ዞረ። መርፌው ወረደ፣ ወጣ።

«ጠቅልልኝ» አለች።

በሸክም፣ በታክሲ፣ እንደገና በሸክም ዳገቱን አወጡት። ወንደሰን ከጎረቤት ያረጀ በር ለምኖ አመጣ፣ አራት እግር መታበት፣ የስፌት መኪናውን በብሎን አሰረላት። በሳምንቱ የመጀመሪያው የራሷ ደንበኛ ተገኘ፦ የአንድ ሚኒባስ ወንበሮች፣ በጥቁር ቆዳ፣ ለነገ። አንድ ሰው ግን በሁለት እጁ ቆዳ ይዞ መዘውር ማዞር አይችልም። አቶ ተክለብርሃን ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡና መዘውሩን በግራ በኩላቸው አድርገው ተቀመጡ።

«ፍጠን አባዬ! ሰውየው ነገ ይመጣል!»

«እያዞርኩልሽ ነው እኮ። ቆዳውን ቀና አድርጊ።»

«ቀና ነው። አሁን አቁም! አይ፣ አዙር፣ አዙር!»

«ምን ይሻለኛል ከዚች ልጅ። ሞተሩን ስንት ነው ያሉሽ?»

«ዛሬ አሥራ አራት ሺህ። ነገ እንጃ። አዲሱ እቁብ ተጀምሯል፣ ገብቻለሁ። አባዬ፣ አዙር በናትህ፣ ክሩ እየላላ ነው!»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ያዢ» አሉና መዘውሩን በደህና እጃቸው ገፉት፤ መርፌው ጥቁሩን ቆዳ በሳ።